እህቴ አትጨነቂ አለ

ሰኞ 4

ይህን ደብተር የሰፋሁት ከማተሚያ ቤቱ ቁርጥራጭ ወረቀት ነው። ጠራዡ መርፌና ክሩን እያቀበለኝ «ደግሞ ምን ልትጽፊበት ነው?» አለኝ። «የሰው ስህተት» አልኩት። ሥራዬ እርማት ነው፤ ጽሑፍ ሁሉ ከመታተሙ በፊት በእጄ ያልፋል። «ቀይዋ» ይሉኛል። መልኬ እንደ ማተሚያ ቀለም ጥቁር ነው፤ ቀዩ እስክሪብቶዬ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከማሠልጠኛ ወጥቶ ግንባር ከገባ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናታችን ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ቁመቱ እሺ ሲል ሥጋው እምቢ ስላለኝ ጭራሮ አልኩት፣ በዚያው ቀረ። መዝገብ ላይ ባለው ስሙ ሲጠሩት ዞር ብሎ ሌላ ሰው ይፈልጋል።

ከመሄዱ በፊት ደውሎ ነበር። «እግረኛ ጦር ውስጥ መደቡኝ» አለ። «እግረኛ?» ብዬ ስጮህ «ምን ያስደነግጥሻል እታለም? ድሮስ ከትምህርት ቤት በእግሬ አልነበር የምመለሰው? ያው እግረኛ ነኝ፣ አሁን ጫማ ጨመሩልኝ እንጂ» ብሎ ሳቀ። አባባ ስልኩን ከእጄ ወሰደና ጆሮው ላይ እንደያዘው መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም።

ረቡዕ 6

ዛሬ የመጣው ሥራ ቅጽ ነው። አንዲት ገጽ።

ከጋሼ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ከተቀመጥን አሥራ አንድ ዓመታችን። እሳቸው ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ ለእርማት የታተመውን ፕሩፍ በቀይ እከተላለሁ። ነጥቡን ሁሉ ነው የሚያነቡት፤ «ሙሽራዋ ደረሰች አራት ነጥብ ጥቅስ ክፈት ወይኔ ልጄ ቃለ አጋኖ ጥቅስ ዝጋ አለች እናቷ አራት ነጥብ።» የፍቅር ታሪክም ይሁን የሲሚንቶ ማስታወቂያ ድምፃቸው አይለወጥም። በተቀጠርኩበት ቀን ያሉኝን አልረሳውም፤ «የኔ ልጅ፣ እኛ የተጻፈውን ነው የምናየው። ከኪሳችን አውጥተን የምንጨምረው ነገር የለም።»

ዛሬ ግን ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «ልጅዎ ወንድምዎ ነጠላ ሰረዝ ባለቤትዎ፣ ባዶ ቦታ፣ በተሰለፈበት ግዳጅ ላይ መሰዋቱን በጥልቅ ኀዘን እንገልጻለን አራት ነጥብ። በቅንፍ፣ የማያስፈልገው ይሰረዝ።» አነበቡና መነጽራቸውን አውልቀው ሲያብሱ ቆዩ።

ከ«ልጅዎ» ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል። አስገባሁ። ምን ላድርግ፣ ጎድሏላ!

ማሽኒስቱን «ስንት ቅጂ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «አቁሙ እስኪሉን» አለኝ። ለአባባ አልነገርኩትም።

ሐሙስ 14

ደብዳቤ መጣ! ደብዳቤ መጣ! በሩ ላይ ቆሜ ቀደድኩት።

አባባ የዓይኑ ሞራ ከበረታ ወዲህ ማንበብ አይችልም፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አነበብኩለት። ጭራሮ ቀን ይቆፍራሉ፣ ሲመሽ ይጓዛሉ። የጥይት ሣጥን የሚሸከም ረጅም ሰው ሲፈልጉ ዓይናቸው እሱ ላይ አረፈ። ዝናብ አያቋርጥም፤ እርጥብ ካልሲውን ሆዱ ላይ አስሮ ነው የሚያደርቀው። የአሥር አለቃው ሲናደድ ይንተባተባል፣ ስለዚህ ትእዛዙ እስኪያልቅ ድረስ ያርፋሉ። አባባ እስኪያስለው ሳቀ። «ሆዱ ላይ? ኧረ ይሄ ልጅ ሊታመም ነው!» አለ መልሶ።

ታዲያ የልጁ አጻጻፍ! «እኔ ድህና ነኝ» ይላል፤ ደህና በ«ድ»! አራት ነጥብ የሚባል ነገር ገጹ ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ብቅ ብሏል፣ ሁለቱንም ያለ ቦታው። ሳላስበው እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ነበር። አርባ ሦስት ስህተት። የመልቀቂያ ፈተና የወደቀው በቋንቋ ነው፤ ባይወድቅ ዛሬ ኮሌጅ ነበር። የከተማውን ስህተት ሁሉ ስለቅም የቤቴን ልጅ አስወደቅኩት። ሲመለስ እንደገና ይፈተናል፣ ስለዚህ ካሁኑ ይልመድ ብዬ ያረምኩትን ከመልሴ ጋር በአንድ ፖስታ ላኩለት።

«እታለም እንደምን አለሽ» ብሎ ነበር የጀመረው። እታለም የቤት ቃል ነው፣ ደብዳቤ በሱ አይጀመርም። ሰረዝኩና ከላዩ «ውድ እኅቴ ሆይ» ብዬ ጻፍኩ። በ«ኅ»። በእኛ ማተሚያ ቤት እኅት በ«ኅ» ነው።

ዓርብ 15

ጋሼ «ለልጁ ምን ብለሽ መለስሽለት?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «የጻፈውን አርመሽ ላክሽለት? ለወታደር?»

«ለወንድሜ» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ጭቃ ላይ ተንበርክኮ የጻፈውን?»

እኔ ደግሞ ሰው ሲቆጣኝ አልወድም፤ ፕሩፉን ጎትቼ «ይቀጥሉ» አልኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ፖስታ ቤት ሮጥኩ። የጦር ሠራዊቱ ከረጢት ጠዋት ሄዷል። የሱን ፊደል፣ ያችን «ድህና»ን እንኳ እጄ ላይ አላስቀረሁም። እኔ አልረባም።

ማክሰኞ 19

ሩጫ ላይ ነኝ። ቅጹ እንደገና ታዘዘ። ያው ገጽ ስለሆነ አይታረምም ተብሎ በቀጥታ ማሽን ገባ። ቀኑን ሙሉ ሲያትሙት ዋሉ። ቀለሙ እንዲደርቅ በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ደርድረውታል፤ ሽንት ቤት ለመሄድ በመካከሉ ማለፍ አለብኝ። አልሄድኩም።

እሑድ 24

አባባ ዛሬ አልጋ ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ አናጺ ነበር፤ ዓይኑ ቢደክምም እጁ እንጨት አልረሳም። ጭራሮ በአሮጌው አልጋ ላይ እግሩ እየተንጠለጠለ ነበር የሚተኛው። በየሌሊቱ ስነሳ ያን ሁለት ትልልቅ እግር ብርድ ልብስ አለብሰው ነበር።

«ቁመቱ ስንት ነው?» አለኝ አባባ።

«የበሩን ጉበን በግንባሩ ይመታል።»

«ጉበኑንማ አንቺም ትመቺዋለሽ፣ እያየሽ አትሄጂም» አለ። ከዚያ ቆመና «ሲሰናበተኝ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ነበር። ክርኑ እዚህ ጋ ነበር» ብሎ ደረቱ ላይ አንድ ቦታ ነካ። ከዚያች ነጥብ ተነስቶ በስንዝር እየለካ ቁመቱን አወጣ። አንድ ስንዝር ጨመረበት። «ልጅ ነው፣ ገና ያድጋል» አለኝ።

ረቡዕ 27

ሁለተኛ ደብዳቤ። «እታለም» ብሎ ነው የጀመረው! ቀኑን አየሁ፤ የኔ ሳይደርሰው የጻፈው ነው። እሰይ። ቀዩን ገና አላየውም። ምናልባት መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ደብዳቤ ይጠፋል እኮ።

ተኩስ ውስጥ ገብተዋል። «መጀመሪያ ድንጋይ የሚወረውሩብን መስሎኝ ነበር» ይላል። ከጎኑ የነበረ ልጅ ስለሆነው ነገር አራት መስመር ጽፏል፤ ለአባባ ዘልዬ አነበብኩለት። ጓደኛ አግኝቷል። ጥርሱ ፍንጭት ስለሆነ ፍንጭቱ ይሉታል። «ማንበብና መጻፍ የለመደው እዚሁ ሠራዊት ውስጥ ነው። ነጥብ የሚባል ነገር በሕይወቱ አስቀምጦ አያውቅም፤ ከሱ ጋር ስተያይ እኔ ምሁር ነኝ። ቀይዋ የምትባል እህት እንዳለችኝ ነግሬዋለሁ፣ ፈርቶሻል።» መርፌና ክር ላኪልኝ ይላል፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል።

ዛሬውኑ ላክሁ፣ ሁለት ዓይነት ክር። ስለ አልጋውም ጻፍኩለት። ደብዳቤውን አላረምኩትም። እስክሪብቶዬን ሆን ብዬ ቢሮ ትቼ ነው የመጣሁት።

ሐሙስ 5

ደብዳቤ የለም። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ኮረብታውን ያዝነው ተባለ።»

«እሰይ! ተመስገን በይ እንጂ።»

«ተመስገኑ ይቆየኝ። ልጄ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።»

የትኛው ኮረብታ ብዬ ልጠይቃት ዞርኩና ፊቷን ሳይ ፈራሁ። ተራዬ ሳይደርስ ወጣሁ፣ ማታ ያለ ዳቦ በላን።

ቅዳሜ 14

ፊደል ለቃሚውን በሰው ፊት አሳጣሁት። «ወንድም» በሚለው ቦታ «ወንድ» ብሎ ፊደሎቹን ደርድሯል። «አንዲት ም እኮ ናት ቀይዋ» አለኝ። «አንዲት ም!» ብዬ ስጮህ ማሽኒስቱ ማሽኑን አቁሞ መጣ። ከዚያ ወረቀት መጋዘን ገብቼ አለቀስኩ። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

አባባ ሬዲዮኑን አይዘጋም። «ስም አይጠሩም እኮ አባባ።» «ቢጠሩስ?» ይላል።

ቀዩ ደርሶት ይሆን? አርባ ሦስቱንም ቆጥሮ ይሆን? ሰው እንዴት ለሚርበው፣ ለሚበርደው ልጅ ማረሚያ ይልካል?

ማክሰኞ 17

ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ የጭነት መኪና ሾፌር ማተሚያ ቤቱ በር ላይ መጥቶ «ቀይዋ የምትባል አለች?» አለ። ወጣሁ። በሲጋራ ካርቶን ውስጠኛ ወረቀት ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ሰጠኝ። ማን እንደሰጠው ጠየቅኩት። «ወታደሮች በመኪና እየተጫኑ ነበር። አንዱ ፍንጭት በሩጫ መጥቶ በመስኮት አቀበለኝ። ሌላ አላውቅም እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለና ዓይኔን ሳያይ ሄደ።

የተጻፈው ይኸውና፣ ነጥብ ሳልጨምር፦

ለቀይዋ ለጭራሮ እህት እኔ ፍንጭቱ ነኝ እንደምን አለሽ ኮረብታው ላይ ጭራሮ ተመታ ሆዱ ላይ ነው በሸራ አድርገን አወረድነው መንገድ ላይ ሲያወራ ነበር ስለ ማተሚያ ቤት ስለ አልጋ ብዙ ደም ፈሶታል ጣቢያው ሳንደርስ እህቴ አትጨነቂ አለ እኔ ዛሬ ወደ ሌላ ቦታ ታዝዣለሁ የጻፈው ደብዳቤ ነበረው በሰው እልካለሁ አይዞሽ በርቺ

መጀመሪያ በአንድ ትንፋሽ አነበብኩት። የጥበቃው ሰውዬ ወንበሩን ሰጠኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ደግሜ አነበብኩት፤ አሁን እንደ ሥራዬ፣ ቃል በቃል።

ስለ አልጋ አውርቷል። ስለዚህ ደብዳቤዬ ደርሶታል! ክሩም መርፌውም ደርሶታል ማለት ነው።

አሁን ነገሩ «እህቴ አትጨነቂ አለ» የሚለው ላይ ነው። እህቴ ያለው ማነው? ጭራሮ ከሆነ የስንብት ቃሉ ነው። ጭራሮ በሕይወቱ እኅቴ ብሎኝ አያውቅም። አፉን ከፈታ ጀምሮ እታለም ነው የሚለኝ፤ ሲቆጣም እታለም፣ ሲርበውም እታለም። «እህቴ» የሚለኝ የማያውቀኝ ሰው ነው፤ ሾፌሩም ቅድም ያለኝ እሱኑ ነው። ስለዚህ ተናጋሪው ፍንጭቱ ነው። እህቴ፣ ነጠላ ሰረዝ። አትጨነቂ፣ አራት ነጥብ። አለ፣ አራት ነጥብ። በሕይወት አለ! እህቴ፣ አትጨነቂ። አለ።

«ጣቢያው ሳንደርስ» (የሕክምና ጣቢያው መሆኑ ነው) የሚለው ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፦ ብዙ ደም ፈሶታል ጣቢያው ሳንደርስ። ሌላ ጊዜ እንዲህ የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር ባይ ደሜ ይፈላ ነበር። ግን ልጁ እንደሚናገረው ነው የጻፈው፤ ሰው ሲናገር ይገለብጣል። እንኳን ወታደር፣ ደራሲዎቹም ይገለብጣሉ።

ለአባባ እንደዚያ አነበብኩለት። አትጨነቂ ላይ ቆም አልኩና «አለ» አልኩ።

«አለ?»

«አለ፣ አባባ።»

ሁለት እጁን አገጩ ሥር አድርጎ እንደ ልጅ አለቀሰ። «የት ላይ ነው የተመታው?» ሲለኝ «እግሩ ላይ» አልኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ጽሑፍ ትርጉም ለውጬ አላውቅም ነበር።

ረቡዕ 18

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ዋልኩ። ለጋሼ አላሳየኋቸውም። ሥራ በዝቶባቸዋል። ደግሞ እሳቸው ነጥብ የሌለበትን ያለ ነጥብ ነው የሚያነቡት።

ዓርብ 20

የወታደር ቤተሰቦች የሚጠይቁበት ቢሮ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተሰለፍኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ጸሐፊ ጉንፋን ይዟታል፤ አንድ ገጽ በገለጠች ቁጥር ታስነጥሳለች። መዝገብ ላይ ያለውን ስሙን ነገርኳት።

«ከቆሰሉት ውስጥ የለም።»

«ከ... ከሌላውስ?» አልኩ። ቃሉን አላወጣሁትም።

ሌላ ደብተር ገለጠች፣ በጣቷ ወረደች። «የለም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «የዚያ ኮረብታ ዝርዝር ገና ተሟልቶ አልደረሰንም፣ እመቤት» አለች።

የለም የሚለው ቃል እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከኋላዬ የነበረ ሽማግሌ «አንቺስ ታድለሽ» አለኝ። ከቆሰሉት ውስጥም የለም ላለችው፣ ዝርዝሩን በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ፤ በስህተት የተሞላ ነው። አንድ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ የሌላው የአባት ስም ተዘሏል። እኔ ባርመው ኖሮ ይገኝ ነበር።

ሰኞ 23

አልጋው ቆመ። የቀረው መላግና ማለስለስ ነው። አባባ ለሠፈሩ ሁሉ «ልጄ አለ» እያለ አወራ። የጎረቤታችን ሴትዮ አቅፋ ሳመችኝና «እንኳን ደስ ያለሽ፣ አለልሽ!» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። ከእቅፏ ቶሎ ወጣሁ።

ሌሊት አልተኛሁም። የእርሳስ ጽሑፍ በመደጋገም ሲነበብ ይደበዝዛል። «አለ» የምትለዋ እጥፋቱ ላይ ናት፣ እየተላጠች ነው።

ሐሙስ 26

ጋሼ፦ «ከልጁ ምን ወሬ አለ?»

«አለ» አልኩ።

«ማን አለ?»

«እሱ ነዋ! እሱ አለ! ሌላ ማን ይኖራል?» ብዬ ጮህኩባቸው። ጥያቄያቸው ገብቶኛል። «እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ» አሉና ማንበባቸውን ቀጠሉ። ገጹን እስክንጨርስ አንድ ስህተት አላገኘሁም፤ ሦስት ነበር፣ በኋላ ፊደል ለቃሚው አሳየኝ።

ዓርብ 4

የጭራሮ ደብዳቤ በፖስታ መጣ። አድራሻውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ እርሳሱን አውቀዋለሁ፣ የፍንጭቱ ነው። ወረቀቱ አንድ ጥግ ላይ ደርቆ ቡናማ ሆኗል፣ ሲገለጥ ይሰነጠቃል።

«ውድ እኅቴ ሆይ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

በ«ኅ»። በፊደሏ ላይ ሁለት ጊዜ ጽፎባታል፣ እንዳይሳሳት።

ልገልብጠው። «ውድ እኅቴ ሆይ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ቀዩን ተቀብያለሁ። አርባ ሦስት! ፍንጭቱ አይቶ ‹እህትህ ከጠላት ትብሳለች› አለኝ። እንዳትቀየሚኝ፣ አልከፋኝም፤ ወረቀቱን እየተቀባበልን ተማርንበት፣ የአሥር አለቃው ሳይቀር። ጥበቃ ስቆም እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ውድ እኅቴ፣ ውድ እኅቴ እያልኩ እለማመዳለሁ። አሁንማ አፌ ለምዷል። ትናንት እንኳ በእንቅልፌ እኅቴ እያልኩ ስጣራ አደርኩ አሉኝ። ፈተናውን አልፋለሁ፣ ታያለሽ። ቤት ስመጣ ግን እታለም ነው የምልሽ፤ እዚያ ማን ያርመኛል? አባባ አልጋውን እንዳያስረዝመው ንገሪው፣ ቀሪው ክፍል ለናንተም ያስፈልጋል። ታናሽሽ።»

ሁለት ስህተት ብቻ ነው ያለው። የት የት እንደሆኑ አልጽፍም።

አፌ ለምዷል ይላል።

ቅዳሜ 5

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው። ሰው ሁሉ ሲወጣ ጋሼን አስቀረኋቸው። የሲጋራ ካርቶኗን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አደረግኩና «እንደ ሥራ ያንብቡልኝ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ በዚያ በማይለወጥ ድምፃቸው ጀመሩ። ነጥብ የለም፣ ስለዚህ ነጥብ አልጠሩም። «ጣቢያው ሳንደርስ እህቴ አትጨነቂ አለ» ብለው ቆሙ።

እርሳስ ያዝኩ። «ጥቅስ የት ይከፈታል?»

«ልጄ፣ ተይው።»

«የት ነው የሚከፈተው ጋሼ?»

«ከእህቴ በፊት» አሉ በስተመጨረሻ።

«የሚዘጋውስ?»

«ከአትጨነቂ በኋላ።»

ሁለቱንም አስገባሁ። ከአለ ቀጥሎም አራት ነጥብ።  ጋሼ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። ታች የጥበቃው ሰውዬ ቁልፉን እያቅጨለጨለ ነበር።

«ያስለመድኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «እኔ ባልሰርዘው እታለም ነበር የሚለው። እታለም ቢል ደግሞ ገና የመጀመሪያውን ቀን አውቀው ነበር።»

«ያን ጊዜ ብታውቂው ምን ትሆኚ ነበር?» አሉኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በመጨረሻው ሰዓት እንኳ እንደ ታረመው ነው የተናገረው፣ የኔ ጌታ፣ ጎበዝ ተማሪ። እኔን እንዳያስቆጣኝ።

እሑድ 6

አባባ አልጋውን በእጁ እየዳሰሰ ሲያለሰልስ አገኘሁት። ደብዳቤውን አነበብኩለት፣ ከውድ እኅቴ ሆይ እስከ ታናሽሽ፣ ምንም ሳልዘል። አልጋውን እንዳታስረዝም የሚለው ጋ ስደርስ ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ ቆየና ቀስ ብሎ ጠፋ።

«እኅቴ ነው እንዴ የሚልሽ አሁን?»

«አዎ።»

 በብርጭቆ ወረቀቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይፈገፍጋል።

«እስቲ ያንን የጓደኛውን ወረቀት አምጪው።»

አመጣሁ። አነበብኩለት። ሆዱ ላይ የሚለውን ሆዱ ላይ ብዬ አነበብኩ። ጣቢያው ሳንደርስ እህቴ አትጨነቂ አለ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳልቆም።

«ባለፈው ቆም ብለሽ ነበር» አለኝ አባባ።

«ስህተት ነበር።»

«የማን ስህተት? የልጁ?»

«የኔ ነው አባባ።»

እጁን ዘርግቶ ጭንቅላቴን ፈለገና ደረቱ ላይ አስጠጋኝ፣ ያ የጭራሮ ክርን ያረፈበት ቦታ ላይ። እንደዚያ ሆነን አለቀስን። ሲመሻሽ «ጨርቅ አምጪ፣ አልጋው ላይ አቧራ አይቀመጥበት» አለኝ፣ አለበስነው።

ሐሙስ 10

ቅጹ መጣ። መልእክተኛው በር ላይ ቆሞ አስፈረመኝ። «ልጅዎ» ተሰርዟል፣ «ባለቤትዎ» ተሰርዟል፣ «ወንድምዎ» ሳይሰረዝ ቀርቷል። ባዶው ቦታ ላይ መዝገብ ላይ ያለው ስሙ በሰማያዊ ቀለም ተሞልቷል። ከልጅዎ ቀጥሎ ያስገባሁት ነጠላ ሰረዝ በቦታው ነው። ስሙ በትክክል ተጽፏል፤ ደጋግሜ አየሁት፣ የሚታረም ነገር የለበትም።

ሁለተኛውን ደብዳቤውን አወጣሁ። እታለም ብሎ የጀመረው እሱ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ሌላኛውን ሰርዤበት ልኬዋለሁ። ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ሁለት ጊዜ። ከእንግዲህ እታለም የሚለኝ የለም።